የወረቀት ቤት አማች

ስልኩ ሲጮኽ ቶኩጂ እስከ ክርኑ ገንዳ ውስጥ ነበር። ሚስቱ ሱሚዬ ስልክ ማንሳት አትወድም። ስለዚህ የወረቀት መሥሪያ ወንፊቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ እጁን በሱሪው እየጠራረገ ሮጠ። በስድሳ ስምንት ዓመቱ የሚሮጠው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለስልክና ለምድጃ። የምድጃውን ጉዳይ ቆይተን እንደርስበታለን።

«አባቴ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት። ከዩኒቨርሲቲው ነው፣ ኢሶቤ ነኝ» አለች ዶክተሯ። «የላኩልንን ቅጽ እያየሁት ነበር። አንዲት ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«እዚህ ላይ የእርስዎ አባት ኩኒዳ ጊሄይ፣ እናትዎ ኩኒዳ ታኔ ይላል።»

«ልክ ነው።»

«የባለቤትዎ የእማማ ሱሚዬ አባትም ኩኒዳ ጊሄይ፣ እናታቸውም ኩኒዳ ታኔ ይላል።»

«እሱም ልክ ነው።»

«እንግዲያው በዚህ ቅጽ መሠረት እርስዎና ባለቤትዎ ወንድምና እኅት ናችሁ ማለት ነው።»

ቶኩጂ ከት ብሎ ሳቀ። ሱሚዬ ከሥራው ጎጆ ሆና «ምን አገኘህ ደግሞ? ገንዳው ይጠብቅሃል!» ብላ ጮኸች።

እኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ወንድ ልጅ ያልተወለደበት የባለሙያ ቤት ለሴት ልጁ ባል ሲያገኝ፣ አማቹን ልጅ ያደርገዋል። ስሙን ይሰጠዋል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፣ ሙያውን ያወርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ልጅ ነው፣ አለቀ። ነገረኞች «ሦስት እፍኝ ዕብቅ ያለው ወንድ አማች ሆኖ ሰው ቤት አይገባም» ይላሉ። ቶኩጂ ግን ሦስት እፍኙም አልነበረው፤ በሃያ አራት ዓመቱ ደስ ብሎት ገባ። ይኸው አርባ አራት ዓመት ባንክ ሲሄድ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ የአባት ስም በተጠየቀበት ሁሉ የአማቱን የጊሄይን ስም ሲሞላ ኖሯል። ያ ቅጽ የሚጠይቀው ስለ ደም መሆኑ ትዝም አላለው። እጁ ራሱ ጻፈው።

«ማደጎ ነኝ፣ ልጄ» አለ ሳቁን እየዋጠ።

«ገምቼ ነበር። ጥናታችን ግን በዘር የሚወርደውን ነው የሚመረምረው። የወለዱዎትን ነው የምንፈልገው። በተለይ እንደ ኮቶኔ ያለ ጠባይ የነበረው ሰው ካለ። ለማንኛውም ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ያኔ ያጫውቱኛል።»

የቶኩጂ ሳቅ እዚያው ቀረ። «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። መዘጋቱን አየ። ደግሞ አየ።

ኮቶኔ የሴት ልጁ የሚኖሪ ልጅ ናት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ። አባቷ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል። ለጥናቱ ምራቁን በብልቃጥ ሰጥቶ ወደ ባሕሩ ተመልሷል፤ ምስኪን፣ ከዚያ በላይ ምን ያድርግ።

የኩኒዳ ቤት ሥራ ወረቀት ነው። ከዛፍ ቅርፊት ሥር ያለው ነጩ ልጥ ይቀቀላል። ከዚያ ከኒዮዶ ወንዝ በሚመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይንሳፈፍና ሴቶች ተቀምጠው ጉድፉን በጣታቸው ይለቅማሉ። ጉድፍ ስል የቁንጫ ዓይን የማታህል ነጥብ ማለቴ ነው። ሌላው ቤት ዛሬ በመድኃኒት ያነጣዋል። ኩኒዳ ቤት ይህን ከሚያደርግ ሞቶ ይገኛል! እዚያ አሁንም በጣት ነው፤ የሸለቆው ሰው ሁሉም «የኩኒዳ ዓይን» የሚለው ይህንኑ ነው። ሱሚዬ ይህን ዓይን ከአባቷ፣ አባቷ ከአያቷ፣ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ትውልድ ወርዷል ትላለች። ከአሥራ አንዱ ውስጥ አራቱ እንደ ቶኩጂ አማች ሆነው የገቡ መሆናቸውን ሲነግሯት አትሰማም።

ኮቶኔ በዘጠኝ ዓመቷ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠች፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ አያቷን በለጠች። ሱሚዬ መሬት አልበቃት አለ። ፖስተኛው ሳይቀር ተጎትቶ ገብቶ ልጅቷ ስትለቅም እንዲያይ ተደረገ።

ነገሩ ግን እያደር ሌላ ሆነ። ኮቶኔ የጸዳውን ደግማ መልቀም ጀመረች። ስትለቅም ቁራ ከጮኸ ሁሉንም ትታ እንደገና ትጀምራለች። ልጡን ከመንካቷ በፊት እጇን አርባ ደቂቃ ታጥባለች፣ ከነካች በኋላም እንደዚያው። ብርዱ ሲገባ እጇ ተሰነጣጥቆ ደማ። የቤት ሥራዋን እየጻፈች ታጠፋለች፣ እያጠፋች ትጽፋለች፣ ደብተሩ እስኪቀደድ። ከጥር ጀምሮ ትምህርት ቤት ከመሄድ ይልቅ በር ላይ ጫማዋን ስታስርና ስትፈታ ረፋድ ይሆን ጀመር።

ዩኒቨርሲቲው በወረዳው ላሉ ተማሪዎች ሁሉ መጠይቅ አድርሶ ነበር፤ «በርህን ስንት ጊዜ ታያለህ? እጅሽን ስንት ጊዜ ትታጠቢያለሽ? አንድ ሐሳብ አልለቅ ብሎሽ ያውቃል?» የሚል፣ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ። ኮቶኔን ሦስት ቀን ፈጀባት። ዶክተር ኢሶቤ ወደዚህ ቤት መምጣት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ያመጣችው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ጥናቱ ነው፤ ከልጅቷና ከቤተሰቡ ምራቅ መውሰድና ጠባዩ በዘር እንዴት እንደሚመጣ መፈለግ። ሁለተኛው ግን ለኮቶኔ ነው፤ ከተማ ያለው ክሊኒክ ውስጥ ከመጋቢት ጀምሮ አሥራ አራት ሐሙስ የሚቆይ ሕክምና። አንድ ቦታ ተገኝቷል፤ የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች ስላሉ መልሱ እስከ ቅዳሜ መሰጠት አለበት።

ሚኖሪ በደስታ አለቀሰች። ሱሚዬ ግን ገገመች።

«ምራቅ ከፈለጉ በባልዲ ይውሰዱ!» አለች። «ዓይኗን ግን አይነኩብኝም። ይኼ በሽታ አይደለም፤ የቤታችን ነው።»

ክፉ ሆና አይደለም። ከልቧ አምናው ነው፤ ያስቸገረውም እሱ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ኮቶኔ ራሷ አምናት ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «አልሄድም» አለች። «ከዳንኩ ለምን እጠቅማለሁ? የሚወዱኝ በዚህ አይደል?»

ቶኩጂ ይህን ሰምቶ ወደ ገንዳው ተመለሰ። በእኛ ዘንድ አማች አፍ የለውም ይባላል፤ እሱም ለአርባ አራት ዓመት ሳይናገር በደስታ ኖሯል። ሚስቱን ይወዳታል። ወረቀቱን ይወደዋል። ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ሲነሳ እንዲደርቅ ሳንቃ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማየት ይወዳል። ምን ጎደለብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው አይደለም። ግን ዶክተሯ ከደወለች ጀምሮ ሦስት ቀን ምግብ አልበላለት አለ።

እንግዲህ ወደ ምድጃው እንምጣ። ልጡ የሚቀቀልበት ትልቅ ምድጃ አለ። ቶኩጂ ከቤት በወጣ ቁጥር እሳቱ መጥፋቱን ለማየት ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ያያል፤ በመሐል ሰው ካናገረው ሦስቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። መኪናው ድልድዩ ጋ ደርሶ የዞረበትን ጊዜ የሚቆጥረው የለም። ሠርግ ላይ ከምርቃቱ በኋላ፣ ቀብር ላይ ሬሳው ተቃጥሎ አመድ ከሆነ በኋላ ነው የሚደርሱት። ሰው ግን አመሰገነው እንጂ አልሳቀበትም። አማቱ ጊሄይ ገና በመጀመሪያው ቀን «ወረቀትን ውሃ አይበላውም፣ እሳት ነው የሚበላው» ብሎ መክሮት ነበርና፣ ሱሚዬ በየሄደችበት «የአባቴ ትምህርት ነው! እንዴት እንደያዘው አያችሁ?» ትል ነበር። ጥሩ መሸሸጊያ ነበር። እውነቱን ግን ቶኩጂ ያውቃል፤ ጊሄይን ከማወቁ በፊት፣ በሰባት ዓመቱ፣ በበር መቀርቀሪያ ነው የጀመረው።

እናቱ ደግሞ ከእሱ ትብስ ነበር። ሂሳኖ ትባላለች። ከወንዙ ራስ ባለችው መንደር ሩዝ ስታጥብ ትውላለች፤ ታጥባ ትደፋለች፣ ታጥባ ትደፋለች፣ እፍኝ እስኪቀራት። ደጃፉን ታጥባለች። ማገዶውን ታጥባለች! በዚያ አገር ማንም ሳያየው ወንዝ ዳር ቦሎቄ ሲያጥብ ይሰማል የሚባል ጋኔን አለ፤ የመንደሩ ልጆች በእሱ ጠሯት። ወንዝ ስትወርድ ከኋላዋ ተሰልፈው «ቦሎቄ አጣቢ፣ ዛሬስ ስንቴ?» እያሉ ይዘፍኑባት ነበር። ቶኩጂም አንድ ቀን፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከእነሱ ላለመለየት አብሯቸው ዘፈነ። ዞር ብላ አየችው። ምንም አላለችውም። ሩዟን ማጠብ ቀጠለች።

ዘር ከልጓም ይስባል። ሸሽቶ ሰው ቤት ገባ፣ ስሙን ቀየረ፣ ልጅ ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ። ይኸው ያች የሸሻት ሴት በልጅ ልጁ እጅ ገንዳ ዳር ተቀመጠች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዶክተር ኢሶቤ መጣች። ወጣት ናት፣ ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዷል፤ ጫማዋን ስታወልቅ አይታው አፍራ እግሯን ደበቀችው። ሱሚዬ የተጠበሰ ስኳር ድንችና ሻይ አቀረበች። ዶክተር ብትጠላም እንግዳ አትጠላም። ሚኖሪ፣ ኮቶኔና ቶኩጂ ዙሪያውን ተቀመጡ።

ሱሚዬ አልተጠየቀችም፤ ጀመረች። ስለ አያቷ፣ በጨረቃ ብርሃን ጉድፍ ስለሚለቅመው። ስለ አባቷ፣ አንድ ነጥብ አግኝቶ መቶ ቅጠል ወረቀት ስለቀደደው። «ጻፊው እንጂ!» ትላለች በየመሐሉ። ዶክተሯ ጻፈች። ከዚያ ወደ ቶኩጂ ዞረች።

«አሁን እርስዎ፣ አባቴ።»

«አባቴ እንጨት ቆራጭ ነበር» አለ ቶኩጂ። «ጤነኛ። ጻፊ።»

«እናትዎስ?»

ቶኩጂ ሻዩን አነሳ፣ አስቀመጠ። ሱሚዬ አዘነችለትና ጣልቃ ገባች። «እናቱን አንዴ ነው ያየኋት፣ በሠርጋችን ቀን። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ሞተች። ነጭ ጓንት አድርጋ ነበር። ከገጠር እንዲህ ያለች ጨዋ ሴት ትወጣለች? ብዬ እኔ ነኝ ያፈርኩት።»

«ጓንቱ ለጨዋነት አልነበረም» አለ ቶኩጂ።

ሁሉም አዩት። እሱ ያየው የኮቶኔን እጅ ነው፤ ጨርቁን፣ ከጨርቁ የወጡትን ቀያይ ጣቶች።

«እጇ እንደዚህ ስለነበር ነው» አለ። «ልክ እንደዚህ። ሰው እንዳያይባት ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ሩዙን ተናገረ፣ ማገዶውን ተናገረ፣ የራሱን መቀርቀሪያና ምድጃ ተናገረ። «የአባቴ የጊሄይ ትምህርት አይደለም» አለ። «ይዤው ነው የመጣሁት። ያች ልጅ የያዛት ነገር በእኔ በኩል ነው የገባው፤ ከዚህ ቤት አይደለም። ውሸታም አድርጌሽ ኖርኩ፣ ሱሚዬ።»

ሱሚዬ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ተነሳች፣ የሻይ ሰሃኑን ወሰደች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ወደ ሥራው ጎጆ ወጣች። በሩን አልወረወረችውም። ብትወረውረው ይሻል ነበር።

ቶኩጂ አለቀልኝ አለ በልቡ። በስተርጅና ከሰው ቤት እንዴት ይወጣል? ይህን ሲያስብ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማ።

«አባባ፣ ሩዙን ስንት ጊዜ ነበር የምታጥበው?»

«አሥራ ሰባት። ሰው ካቋረጣት ደግሞ ከአንድ።»

«ከአንድ?!» ኮቶኔ በጉልበቷ ቀና አለች። «እኔም ከአንድ ነኝ! ቁራ ከጮኸ ከአንድ!»

«የእሷ ውሻ ነበር።»

«ውሻ ይብሳል» አለች ኮቶኔ እንደ ባለሙያ። «ውሻ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። አንተስ?»

«ሦስት ጊዜ ነው የማየው።»

«ሦስት ብቻ?» አለች በንቀት።

«ታዲያ ሦስቱ ሲያልቅ ሌላ ሦስት አለ።»

«እንዲህ በል እንጂ!»

ሚኖሪ አፏን ይዛ ቆየችና «አባዬ፣ የምረቃዬ ዕለት ፎቶው ላይ የሌለኸው ለዚህ ነው?» አለች። ቶኩጂ ራሱን ነቀነቀ። ኮቶኔ ሳቀች። ከጥር ወዲህ ያልተሰማ ሳቅ ነበር፤ ሚኖሪ ሰምታው ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

ዶክተር ኢሶቤ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ፣ አንድ ነገር ላርምዎት። በእኔ በኩል ገባ ያሉትን እንደዚያ መጻፍ አልችልም። ይህ ነገር እንደ ስም ከአንድ ሰው ለአንድ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ብዙ፣ በጣም ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይገፋሉ፤ ከእናትም ከአባትም ይመጣሉ። ሁላችንም ዘንድ ጥቂት ጥቂቱ አለ። ኑሮም የራሱን ይጨምርበታል። ከእርስዎ ወገን መጥቶ ይሆናል፣ ከእማማ ሱሚዬም ወገን መጥቶ ይሆናል፣ መርከብ ላይ ካለው አባቷም። ክብሩም ጥፋቱም ለአንድ ሰው አይደርሰውም።»

«ጥቃቅኖቹ ስንት ናቸው?» አለች ኮቶኔ።

«ገና እየቆጠርን ነው። ቆጥረን እንጨርስና ደግሞ እንደገና እንቆጥራለን።»

«እናንተም እንደኔ ናችሁ ማለት ነው!»

«የእኛ ቤት ከእናንተ ይብሳል» አለች ዶክተሯ፤ የተቀደደው ካልሲዋ ወጥቶ እየታየ መሆኑን ረስታዋለች።

ኮቶኔ ግን ሳቋን ሰብሰብ አደረገች። «እሷ አልዳነችም?»

«ማን ያድናት?» አለ ቶኩጂ። «ሐኪም አልነበረ። የሚጠይቃት ሰው አልነበረ። እኔ ልጇ እንኳ አብሬ ዘፈንኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኛ ሁላችን ተባብረን ነው የደበቅንባት። አንቺን ግን የሚጠይቅሽ ሰው ከከተማ ድረስ መኪና ነድቶ መጥቷል። ሂጂ፣ ልጄ። ስለ አባባ ብለሽ ሂጂ።»

«ዓይኔስ?»

«የኔ እናት በዕድሜዋ አንዲት ጉድፍ ከልጥ ላይ ለቅማ አታውቅም። ዓይን ሌላ፣ ይኼ የሚያደማሽ ሌላ።»

«ሕክምናው ማየትን አያስረሳም» አለች ዶክተሯ። «የምንለማመደው አይቶ መተውን ነው። ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም፤ ግን ይለመዳል።»

ኮቶኔ የተጠቀለለ እጇን አየች። «እማማ እሺ ካለች እሄዳለሁ» አለች።

ቶኩጂ ተነስቶ ወደ ጎጆው ሄደ። ሱሚዬ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። አትለቅምም።

«አርባ አራት ዓመት!» አለች ሳትዞር።

«አዎ።»

«ሠርግ ቤት ሰው በልቶ ሲበተን እየደረስን፣ እኔ ‹የአባቴ ትምህርት› እያልኩ ስጠባረር፣ አንተ አፍህን ይዘህ ዝም!»

«ደስ ይልሽ ነበር።»

«ደስማ ይለኝ ነበር! እሱ አይደል የሚያናድደኝ? ብትነግረኝ ምን አደርጋለሁ ብለህ ነው? አባርርሃለሁ?»

ቶኩጂ አጠገቧ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። «ከእሷ ሸሽቼ ነው የመጣሁት፣ ሱሚዬ። ስሜን ስትቀይሩልኝ ደስ አለኝ። እናቴን ከስሜ ጋር እዚያው ወንዝ ዳር ጥያት መጣሁ። ይህን እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ውሃው በቀርከሃው ቧንቧ እየተንፎለፎለ ይገባል፣ ይወጣል። እንባዋ መጣ፤ በእርጥብ ክንዷ ጠረገችው።

«እኔስ?» አለች። «ያለፈው ሳምንት ልጥ ላይ ደም አገኘሁ። የልጅቷ ደም። ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ደም የነካውን ክር ለቅሜ ጣልኩት። ሥራው እንዳይበላሽ። እጇን ግን አላየሁም፣ ቶኩጂ። ጉድፉን አየሁ እንጂ እጇን አላየሁም። ይኼ ነው የኩኒዳ ዓይን!»

ቶኩጂ እጇን ከውሃው አወጣላት። በረዶ ሆኗል። በሁለት እጁ ይዞ እፍ እፍ አለበት፤ እሷም ተወችው።

«ሐሙስ ነው ያለችው?» አለች በመጨረሻ።

«ሐሙስ።»

«አሥራ አራት ሐሙስ። ማን ይወስዳታል? ሚኖሪ ሥራ አላት።»

«እኔ እነዳለሁ።»

«አንተ? ምድጃውን አይተህ ስትጨርስ ሐሙሱ አርብ ይሆናል! እኔ ነኝ የምነዳው። አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ።» ከዚያ አፍንጫዋን ሳበችና «እዚያ ትልልቅ ሰው ያክማሉ ወይ? ጠይቃት» አለች።

ቶኩጂ ሳቀ፤ እሷም ሳትፈልግ ሳቀች። ሲነሱ ጉልበታቸው በየተራ ጮኸ።

«እናትህን ‹የቶኩጂ እናት› ነው የምንላት» አለች ሱሚዬ በሩ ጋ ስትደርስ። «ስሟን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ማን ነበር?»

«ሂሳኖ።»

ሱሚዬ ገብታ «ሐሙስ እንመጣለን» አለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሚኖሪ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ኮቶኔ ምን እንደምትሆን ጠፍቷት አንድ የስኳር ድንች ቁራጭ አንስታ ሳትታጠብ አፏ አጠገብ አደረሰችው፤ ቆመች፣ አስቀመጠችው። ዶክተሯ አይታለች፤ «ለዛሬ ይህም ብዙ ነው» አለቻት።

ሱሚዬ ቅጹን ከዶክተሯ ፊት ወሰደች። ቶኩጂ የአማቶቹን ስም የሞላበትን ቦታ ሰረዘችና፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ «ሂሳኖ» ብላ ጻፈችበት። መለሰችላት። ከዚያ ከመሳቢያው ከምርጡ ወረቀት አንድ ቅጠል አወጣች፣ ቀለም በጠበጠች፣ ያንኑ ስም በብሩሽ ደገመችው። የቤቱ ሙታን ስም የሚቀመጥበትን የጸሎት ቁምሳጥን ከፈተች። አማች ሆኖ የገባን ሰው የወለደች እናት እዚያ ገብታ አታውቅም፤ ደንቡም አይደለም። ሱሚዬ የጊሄይንና የታኔን ስም ገፋ ገፋ አድርጋ መሐላቸው ቦታ አበጀች።

«አባዬ፣ ጠጋ በልላት» አለች ለሟቹ አባቷ።

ወረቀቱን አቆመችው። ሻይ ቀዳች፣ ትኩሱን፣ አስቀመጠች። እጇን አጋጥማ ጎንበስ አለች፤ ኮቶኔም ከጎኗ መጥታ በተጠቀለለ እጇ እንደዚያው አደረገች።

«እናቴ ሂሳኖ» አለች ሱሚዬ ለመንገደኛ እንደሚናገር ሰው ጮክ ብላ፣ «ልጅዎ አላመጣዎትም። የልጅ ልጅዎ ልጅ አመጣችዎት። ይግቡ።»

ቶኩጂ እንግዳ ፊት፣ ልጁና የልጅ ልጁ ፊት፣ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ አለቀሰ።